ድሬሰር በሽር ያላስረዳው

ድሬሰር በሽር ነገር ማስረዳት ይችልበታል። አንዱን ነገር በአሥር መንገድ አዙሮ ይነግርሃል፤ አንዱ ባይገባህ ሌላው ይገባሃል። የመካነ ሰላም ሰው ይህን ያውቅለታል፤ እሱም መታወቁን አይጠላም።

በስልሳ ስድስቱ ሁዳዴ ግን፣ ረሀብተኛው በሰፈረበት መጠለያ፣ አልታዬ የምትባል ሴት ፈተነችው። ልጇ አበቡ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። የዱቄት ወተት በኩባያ ቢሰጣት እናትየው በነጠላዋ ከደነችው። ጾም ነዋ! ሰባት የሞላው ልጅ ይጾማል።

በሽር ጀመረ። ይኼ ወተት ሳይሆን መድኃኒት ነው አላት። «እሺ፣ ሐኪም» አለች፤ ኩባያው ግን እንደተከደነ ነው። እኛም ዘንድ የታመመ ሰው ረመዳንን ያፈጥራል፣ ሲሻለው ይከፍላል አላት። «እሺ።» ኩራዝ ጋዙ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ልጅሽም እንደዚያው ናት አላት። «እሺ።» ቢቸግረው ቄሱን ጠርቶ አመጣ። «ፈትቻታለሁ፣ ትጠጣ» አሉ። አልታዬ መስቀል ተሳለመች፤ ኩባያውን ግን አልገለጠችም።

«ኧረ በአላህ! የቱ ነው ያልገባሽ?» አለ በሽር ቱግ ብሎ።

«መጀመሪያ ሲነግሩኝ ገብቶኛል። ባለፈው ሳምንት ለታላቅ ወንድሟ ለንጉሡም ወተት ሰጥተውኝ ነበር። ጾም ነው ብዬ ለሰው ሕፃን ሰጠሁበት። ልጄን ሐሙስ ቀበርኩት። እርስዎ የሚሉት እውነት ከሆነ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ እኮ!»

 ለካ በሽር ይህን ሁሉ አዙሮ አዙሮ የነገራት፣ ልጅሽን ገደልሽ እያለ ነው። ንጉሡን አስታወሰው፤ ከእህቱ እንኳ ይሻል ነበር። ያን ቀን የወተቱ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ኩባያውን አቀብሎ አለፈ። ምንም አላስረዳም።

«ለእሱ ጊዜው አልፎ ነበር» አላት። «ቢጠጣም አይተርፍም ነበር።»

አልታዬ ቀና ብላ አየችው። አንቱታውን ተወችው።

«ወላሂ በል።»

በሽር የሼህ ልጅ ነው፤ በሐሰት ምሎ አያውቅም።

«ወላሂ» አለ።

ነጠላዋን ገለጠች። የልጅቷን ራስ ደግፋ ኩባያውን አስጠጋችላት፤ አበቡም ጥቂት በጥቂት ጠጣች።

በማግስቱ ባልደረባው በላይ፣ ስለ አዲስ አበባው አድማ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ሻይ ቢያቀርብለት በሽር «ጾመኛ ነኝ» አለ። በሐሰት የማለ ሰው ሦስት ቀን ይጹም ብለው ያስተማሩት አባቱ ናቸው።

«ረመዳን ገና ነው! ወይስ ከኛ ጋር ሁዳዴ ያዝክ?» ብሎ ሳቀበት በላይ። «እስቲ አስረዳኛ!»

በሽር ብርጭቆውን ወደ ባልደረባው ገፋ አድርጎ ወደ ሰልፉ ሄደ።