የሉበርት ቁርጭምጭሚት

በኤንክሃውዘን ወደብ የመርከብን ሆድ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ፣ መጀመሪያ መጠራት የነበረባት ዌይንቼ ነበረች። ግን ማን ጠርቷት! መምህር ሄሴል የባሕረኞችን ቃላት በመጽሐፍ ላሰፍር ብሎ ሁለት ሳምንት ወደቡን ሲዞር ካፒቴኖችን ጠየቀ፣ ገመድ ሠሪውን ጠየቀ፣ ከቢራ በቀር ሌላ ባሕር የማያውቁትን ሰካራሞች ሳይቀር ጠየቀ። በእሷ በር ሦስቴ አለፈ፤ አንዴም አላንኳኳም። ሬንጅ ያቃጠለው እጇ መጻፍ ስለማይችል፣ ጭንቅላቷም የማያውቅ መስሎት ነው።

መምህሩ ከወንድሟ ከሲቨርት ቤት ገብቶ ስለ «ኪልሃለን» እየጠየቀ መሆኑን ስትሰማ፣ የምትበልተውን ሄሪንግ ዓሣ ጥላ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሄደች።

ቃሉ የእሷ ነዋ! በልጅነቷ ኪልሃለን የሚደረገው መርከብ እንጂ ሰው አልነበረም። መርከቧ በገመድ ተስባ በጎኗ ትተኛለች፤ ከሆዷ ሥር ያለው አከርካሪ፣ ያ ረጅም ግንድ፣ ከውሃ ሲወጣ የተጣበቀበት ዛጎል ይፋቃል፣ ሞራ ይቀባል። ዌይንቼ በዚህ ሥራ ነው ያረጀችው። ኋላ ወንዶቹ በደለኛ ያሉትን ሰው በገመድ አስረው በአንዱ ጎን ባሕር ውስጥ እየጣሉ፣ በመርከቧ ሆድ ሥር እየጎተቱ፣ በሌላው ጎን ማውጣት ጀመሩ። ስሙንም ከእሷ ሥራ ወሰዱ። ከዚህ ወደብ ሰዎች መጀመሪያ የደረሰው በባሏ በሉበርት ላይ ነው። በጥበቃ ተራው ተኝቶ መርከቧን አሸዋ ላይ አስቀረቀረ ተባለ። አንዴ ጎተቱት፤ ሞቶ ወጣ።

«መጣች ደግሞ!» አለ ሲቨርት ገና ከበሩ ሲያያት። «እህት ዓለም፣ እዚህ የወንድ ጨዋታ ነው የተያዘው።»

«ወንዱ ሲመጣ እነሳለታለሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ባለቤትዎን ቆራርጦ የገደለው ዛጎሉ ነው እያሉኝ ነው፣ እማማ።»

«የምን ዛጎል? ያቺን መርከብ የፋቅኋት እኔ ነኝ። ከወጣች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነበር። በዘጠኝ ቀን እንኳን ዛጎል የአንተም ጢም አይበቅል!»

«አርባ ዓመት ይችኑ ትላለች» አለ ሲቨርት ለመምህሩ እየጠቀሰ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ! በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት።»

«እንዴት ነው የሚታሰረው?» አለ መምህሩ።

ሲቨርት ቢራውን ጨለጠና ተመቻቸ። ሽማግሌ ከተጠየቀ ምላሱ ልጓም የለውም። «ደንብ አለው፣ ልጄ። እግሩ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ይታሰራል። እሱ ወደ ታች ይስበውና ከአከርካሪው ርቆ ያልፋል፤ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሞትም። ያለ እርሳስ ከተጎተተ ግን ግንዱ ጭንቅላቱን ይፈረክሰዋል። ካፒቴኑ ‹ዘመዱ ነህ፣ እርሳሱን አንተ እሰርለት› አለኝ። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቱን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። የምችለውን አድርጌያለሁ፣ እግዜር ያውቃል።»

ዌይንቼ ወንበሯን ወደ ወንድሟ አዞረች።

«ያኔ ለእኔ፣ መርከቧ ላይ እርሳስ አልነበረም ነው ያልከኝ።»

«እ?»

«‹እርሳስ ጠፍቶ ነው፣ ምን ላድርግ› ብለህ ትከሻዬ ላይ አለቀስክ። ባሌ ሞቶ አንተን አባበልኩህ።»

«አርባ ዓመት እኮ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል...»

«ያጠበው ያስታውሳል! ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደረቱንና ክንዱን ገመድ ልጦታል፣ አናቱ ተከፍሏል። ቁርጭምጭሚቱ ግን የሙሽራ ነው የሚመስለው፤ አንዲት ጭረት የለበትም። እርሳሱ ነበር፣ አንተም ነበርክ፤ አላሰርክም። ለምን? ያ የጥበቃ ተራ የማን ነበር፣ ሲቨርት?»

ሽማግሌው ባዶውን የቢራ ኩባያ ገፋ አደረገው። «ራሱ ሉበርት ነው እኮ! ‹ሚስትህ እርጉዝ ናት፣ ጥፋቱን እኔ ልሸከመው› ያለኝ ራሱ ነው። ከዚያ ሲያስሩት... ዓይኑን አየሁት። በሕይወት ከወጣ የሚናገርብኝ መሰለኝ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷን ወንድሟ የወሰዳት ግን እያለቀሰ ነው። አርባ ክረምት የእግር ሹራብ ሠርታለታለች፤ ያን እግር እያየች አልጮኸችም፣ አልተራገመችም።

መምህሩ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። «ይህ እንግዲህ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው፤ እኔ የፈለግሁት የቃሉን ፍቺ ብቻ...»

ሬንጅ የበላው መዳፏ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ተቀመጥ! ፍቺውን ነው የምሰጥህ። ዛጎል ያልከውን ሰርዝ። እርሳሱን ሳያስር የቀረው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው ብለህ ጻፍ፤ ስሙንም ከነአባቱ ስም አስገባ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ስለዚህ ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ የእሱን ዓይን እያየህ።»