የስንጥቋ ድምፅ

ተክለማርያም በጅግጅጋ ሰርጎች ላይ ኪቦርድ የሚመታ፣ ራሱን በራሱ የባንድ አለቃ አድርጎ የሾመ ሰው ነው። ሹመቱን ማንም አልተቃወመም፤ ኪቦርዱ የእሱ ነዋ! በዚህ ዘመን ደግሞ ያለ ኪቦርድ ሰርግ አይደምቅም።

ሂቦ በባንዱ ውስጥ ኡድ፣ ያንን አንገቱ ላይ የድምፅ ምልክት የሌለበትን ባለ ክር የአረብ መሣሪያ፣ ትጫወታለች። ቅዳሜ የምትዳረው ታናሽ እህቷ ሳብሪን ናት። ሳብሪን አጥብቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሟች እናታቸው ልብስ እያጠበች ታዜመው የነበረውን ዜማ። ዜማው ውስጥ አንዲት ድምፅ አለች፤ እሷ ከተበላሸች እናትየው የለችበትም። ጭቅጭቁም የተነሳው በእሷው ነው።

«ከድምፁ ወርደሻል» አላት ተክለማርያም በልምምዱ ላይ።

«አቦ ወላሂ አልወረድኩም! ያቺ ድምፅ ያለችው እዚህ ጋ ነው» አለችና በኪቦርዱ ነጭና ጥቁር ቁልፍ መሃል ያለችውን ስንጥቅ በጥፍሯ ጫረችለት።

«እዚያ ያለው አቧራ ነው።»

ይህን ብሎ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ተቀበላትና ከኪቦርዱ ጋር እያመሳከረ የኡዱን አንገት ነጥብ በነጥብ አደረገው። ጣቷ ከነጥቡ ዝንፍ ካለ መድረክ እንደማትወጣም ነገራት። ቀለሙን ሳይመልስ ኪሱ ከተተው። ሂቦ «እሺ» አለች። የሂቦ እሺታ ደግሞ በደህናው ቀንም አይታመንም።

በማግስቱ ያቺ ድምፅ የምትወጣበትን ክር እሱ ሳይመጣ፣ ድምፁ ዝቅ እንዲል ጥቂት አላላችው። ጣቷን ነጥቡ ላይ ስታሳርፍ የእናቷ ድምፅ ወጣች። ተክለማርያም ኪቦርዱን ትቶ ጣቷ ላይ አፍጧል።

«አየሽ! አሁን ገና ተስተካከለ።»

ሂቦ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ደበቀች።

ቅዳሜ መድረክ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ኪቦርዱ አብሮ ሲመታ ያቺ ድምፅ ላይ ከኡዷ ጋር እንደሚጋጭ ትዝ ያላት ገና አሁን ነው። ሳብሪን ከፊት ተቀምጣ ታያታለች። በገዛ ተንኮሏ የእህቷን ሰርግ ልታበላሽ ነው፤ ፈራች። ዜማው እዚያች ቦታ ደረሰ፣ ጣቷ ነጥቡ ላይ አረፈ። ኪቦርዱም አብሯት ዝቅ አለና ሁለቱ አንድ ድምፅ ሆኑ። ሳብሪን በሙሽራ ልብሷ አለቀሰች፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ሂቦ ዞር ስትል፣ የተክለማርያም ግራ እጅ ድምፅን በሁለት ቁልፎች መሃል ከፍና ዝቅ የምታደርገዋን የኪቦርዱን ትንሽ ጎማ ይዟል። ጎማዋ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብቷል።

«ዐይኔን ሸወድሽው እንበል፤ ጆሮዬን ማን አስተኛው?» አላት ጎንበስ ብሎ። ባዶውን የቀለም ጠርሙስ ጭኗ ላይ ወረወረላት። «ለካ ስንጥቋ ውስጥ ያለው አቧራ አይደለም።»