ነብር አልነበረም

«ጠመንጃውን አጉርሶ ቁልቁል ሲወርድ፣ መንገዱ መሐል ነብር ተቀምጧል» አለ ምስጋናው፣ የሟች ታናሽ ወንድም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞችም መቶ ጊዜ የሰሙትን ወሬ ዛሬ ገና እንደሰሙት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

አይናዲስ ጥግ ላይ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ትሰማለች። ባሏን እንዳላማውን የቀበሩት ትናንት ነው። እስከ መቃብሩ ድረስ እንባዋ አልተቋረጠም ነበር። ከቀብር ተመልሰው ንፍሮው ታድሎ ሳያልቅ ግን አንዱ የነብሩን ወሬ አነሳ፤ እንባዋም ጥርግ ብሎ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ሰው ደግሞ አይቶ ዝም አይልም፤ ድንጋጤ ነው ያሉም ነበሩ፣ ድሮም ልበ ደረቅ ናት ያሉም ነበሩ።

ምስጋናው ቀጠለ። ነብሩ ዓይኑን እንዳላማው ዓይን ላይ ተክሎ አልንቀሳቀስ እንዳለ፤ እንዳላማውም «ይህስ የእግዜር መልእክተኛ ነው» ብሎ፣ በድንበር የተጣላውን ሰው ሊገድል ከወጣበት መንገድ እንደተመለሰ፤ በሳምንቱ ከባላጋራው ጋር እንደታረቀ፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደጀን ዙሪያ ደም የሚያደርቅ፣ ባልና ሚስት የሚያስማማ ሽማግሌ ሆኖ እንደኖረ አወራ። ከዚህ ውስጥ ዕርቁ እውነት ነው። ሽምግልናውም እውነት ነው። ነብሩ ግን ነብር አልነበረም፤ ያየውም እንዳላማው አልነበረም። ያየችው አይናዲስ ናት።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጇን ከቀበረች አርባ ቀን አልሞላትም ነበር። የመጀመሪያውን ኩፍኝ ወሰደባት፤ ሁለተኛውን ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት። አማቷ «ማኅፀንሽ መቃብር ነው» አሏት፤ እንዳላማውም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ አይናዲስ እንጨት ልልቀም ብላ ገመዷን ይዛ ወጣችና፣ አንዲት ጭራሮ ሳታነሳ ቀጥ ብላ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ሄደች። የሄደችው ላትመለስ ነበር።

አፋፉ ላይ፣ ልትዘልበት ካሰበችው ድንጋይ ላይ፣ ሰስ ቆማለች። ሰስ ከፍየል የማትበልጥ የገደል እንስሳ ናት፤ በኮቴዋ ጫፍ ብቻ የምትቆም፣ የሰው ዳና ከሰማች ደግሞ ገደሉን ዘላ የምትሰወር። ይህችኛዋ አልሄደችም። ሆዷ ተወጥሯል፤ ልትወልድ ደርሳለች። ጎኗ ሲርበደበድ አይናዲስ ታያለች። ፈርታለች፤ ፈርታም ቆማለች። ፀሐይ ካናታቸው ዘወር እስክትል ድረስ ሁለቱ ተያዩ። በመጨረሻ ሰሷ በፊት እግሯ ድንጋዩን አንዴ ኳ አደረገችው። አይናዲስ ያን ድምፅ ከሰማይ እንደመጣ ቃል ቆጠረችው፤ እየፈሩም መቆም ይቻላል የሚል ቃል። የሚነክስ ጥርስም የሚቧጭር ጥፍርም የሌላት ፍጥረት ነበረች የነገረቻት። አይናዲስ እንጨቷን ለቅማ በገመዷ አስራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዓመቱ ሕሊናን ወለደች።

ይህን የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው፤ ለምን ወደዚያ እንደሄደች እንኳ አልደበቀችውም። እንዳላማው ያን ቀን እህል አልቀመሰም፤ እጇን ይዞ አለቀሰ። እሷም አመነችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጽዋ ማኅበሩ ተራ እነሱ ጋ ደረሰ። ጠላ ልትጨምር ስትገባ እንዳላማው ለማኅበርተኞቹ ይተርካል። ሰሷ ነብር ሆናለች፤ አይናዲስ ደግሞ እንዳላማው ሆናለች። አንዴ ቀና ብሎ አያትና ወሬውን ቀጠለ። እንግዶቹ ሲሄዱ ብትጠይቀው እንዲህ ነበር ያላት፦

«አንቺ ብታወሪው ‹እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?› ይሉሻል። እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ደግሞ ሰስ አየሁ ቢሏቸው ማን ይሰማል?»

እውነቱን ነው። ራሷን ልታጠፋ ወጥታ የነበረችን ሴት፣ ብትመለስም፣ አገር አይምራትም። ይህን ስለሚያውቅ ነው ደፍሮ የወሰደባት፤ አይናዲስን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ምናልባት የሷ ሰስ እሱንም ከደም መልሳው ይሆናል። ይህንም አስባ ታውቃለች። ቢሆንስ ታዲያ፣ «ሚስቴ ያየችው» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? በሰው ወርቅ ሲደምቅ እያየች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ሠላሳ ዓመት ኖረች።

ሲታመም ግን መጠበቅ ጀመረች። ሦስት ወር ሙሉ አገላበጠችው፣ አጠበችው፣ አጎረሰችው፤ ሰው ወደ ሞት ሲቀርብ የሰውን ገንዘብ ይመልሳል ብላ። አንድ ቀን ከሰዓት እጇን ያዘና በቀጭን ድምፅ «የነብሩን ነገር...» አለ። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ለልጅ ልጆቼ ንገሪያቸው» አላት። «አደራ፣ እንዳትረሺ።»

አይናዲስ ይህን እያሰበች ሳለ ምስጋናው ወሬውን ጨርሶ ተነሳ፤ በቦታውም አልቃሿ አሰገደች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። በዚያ አገር አሰገደች ሙሾ ያላወረደችለት ሟች ያለ ወግ ተቀበረ ይባላል። ነገ ሣልስቱ ነው። የእንዳላማው ጠመንጃ፣ ዘንጉና ፎቶው ተይዞ ሜዳ ላይ ይለቀሳል፤ ያን ቀን የተባለ ግጥም ደግሞ ከአገር አፍ አይጠፋም። ስለዚህ አሰገደች ሁልጊዜ የምትለው ነገር እንዳይሳሳት አስቀድማ ከቤተሰብ ትጠይቃለች።

«አይንዬ፣ የነብሩን ነገር ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «የነገው ሙሾ ራሱ እሱ ነው።»

ሙት ወቃሽ መሆን አይናዲስን አስፈራት። ነገ ካለፈ ግን አለፈ፤ የሷ ሰስ ለዘላለም ነብር ሆና ቀረች።

«ነብር አልነበረም፣ እትዬ» አለች። አንዴ ከጀመረች ወዲያ አላቆመችም። ማኅፀንሽ መቃብር ነው የተባለችውን፣ ገመዱን፣ አፋፉን፣ ሰሷን፣ በእግሯ ድንጋዩን ኳ ያደረገችበትን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

አሰገደች ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ እጇን አይናዲስ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

«አምኜሻለሁ። ግን ይህ የሱ ለቅሶ ነው። ላንቺ ቀን አቆይልሻለሁ።»

«ያን ቀን እኔ አልሰማውም» አለች አይናዲስ።

አሰገደች ልትነሳ ነጠላዋን ሰበሰበች። ዞር ሲሉ ሕሊና የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሕሊና ደብረ ማርቆስ መምህርት ናት፤ የነብሩን ታሪክ ለተማሪዎቿ ሳይቀር የምታወራ የአባቷ ልጅ።

«እማ፣ አባዬ ዋሽቶ ነው የኖረው ነው የምትይኝ?» አለች።

አይናዲስ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ሕሊና ፔርሙዙን አስቀምጣ ወጣች፤ ያን ቀን ከእናቷ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ሌላው ሁሉ ባያምናት አይናዲስ ግድ አልነበራትም። ባሏ ከድቷት ሄደ፤ ልጇ ደግሞ በቁሟ ልትከዳት ነው። ይህኛው አንጀቷን ቆረጠው።

በሣልስቱ ሜዳው በሰው ሞላ። ምስጋናው ጠመንጃውን ይዞ መሐል ቆመ፤ አሰገደችም ድምፅዋን አወጣች፦

«ከገደሉ አፋፍ ነብር የመለሰው፣
አሁን ማን ይመልስ ለጠብ የወጣ ሰው?»

ሜዳው በለቅሶ ተናጠ። ደንቡ የሟች ሚስት ወጥታ ደረቷን እየመታች ግጥሙን እንድትቀበል ነው። አይናዲስ ወጣች። ሰው ሁሉ እጇን ሲጠብቅ እሷ ባዶ ቀኝ እግሯን አነሳችና በተረከዟ መሬቱን አንዴ ደለቀችው። ከዚያ እንደ ሰሷ ባለችበት ቆመች። ፈርታለች፤ ቢሆንም አልተነቃነቀችም።

አሰገደች ሁለተኛውን ግጥም ልትል የከፈተችውን አፏን መልሳ ገጠመች። ለቅሶው በረደ፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምስጋናው ወደ ጎኑ ዞሮ ይህች ሴት ምን ነካት ብሎ ጠየቀ።

ከሴቶቹ መሐል ሕሊና ተነስታ መጣች። ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል። እናቷን አላየቻትም፤ ሰውንም አላየችም። አጠገቧ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ሁለት ቀን የጠፋው የአይናዲስ እንባ ያኔ ዱብ ዱብ አለ።

ሕሊና ጫማዋን አውልቃ ቀና አለች፤ ባዶ እግሯን ከእናቷ እግር ጎን አድርጋ መሬቱን አንዴ መታች።