በአቶ ሙዘይን በር ላይ የምትፈላው መኪና

ሌላ መኪና ሲፈላ ቦታ አይመርጥም። የሸፊ ታክሲ ግን ትመርጥ ነበር። ከዊንጌት ተነስታ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት እያቃሰተች ትወጣለች፤ ኩርባውን ታልፋለች፤ የወይዘሮ አስቻለችን በር ታልፋለች፤ ልክ ከአረንጓዴው የቆርቆሮ በር ፊት ስትደርስ ነጭ እንፋሎቷን ለቅቃ ቀጥ ትላለች።

አረንጓዴው በር የአቶ ሙዘይን ነው። ከበሩ አጠገብ ያለችው ሱቅም የእሳቸው ስትሆን፣ ግንባሯ ላይ በትልልቅ ፊደል «የመኪና መለዋወጫ» የሚል ተጽፎባታል። አንድ መኪና በየቀኑ ጽሑፉ ሥር እየመጣ ሲፈላ፣ መንገደኛው ጽሑፉንም እንፋሎቱንም አንድ ላይ ያነባል።

ታክሲዋ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እያስቀመጠች የምታስኬድ፣ በዚያ የአብዮት ዘመን ሕዝቡ «ውይይት» ያላት ዓይነት ነች። በየቀበሌው የውይይት ክበብ ነበረና ስሙ ከዚያ መጣ። መኪናዋ በፈላች ቁጥር ተሳፋሪዎቹ ሳይወርዱ ምክንያቱን ይወያያሉ። አንዱ ውሃው ነው ይላል፤ ሌላው ቤንዚኑ ነው ይላል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የራዲያተሩን ክዳን ለማለት ፈልገው፣ «ችግሩ ያለው ከላይ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቁስቋም ድረስ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ስትቆም የግቢውን በር የምትከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ረሂማ ነበረች። ረሂማ የአቶ ሙዘይን የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አራት ኪሎ ፊዚክስ ታጠናለች። ሸፊ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ይዞ ይቆምና፣

«ውሃ አታጡም?» ይላል።

«አይጠፋም» ትላለች።

ከመስከረም ጀምሮ የተነጋገሩት ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ረሂማ ስታብሰለስለው የሰነበተችውን ዓረፍተ ነገር ደፍራ፣ «እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው» ብላው ነበር። ሸፊ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ በደንብ አሰበበት። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ሄደ። ይህን መልስ ረሂማ ለብዙ ቀን ከየአቅጣጫው አገላብጣ መረመረችው።

አሁን ግንቦት ገብቷል። ሐምሌ ላይ ትመረቃለች፤ ከዚያ መንግሥት ወደ መደባት አገር መሄድ ነው። እስከዚያ ድረስ ይህ ሰው ከውሃ ሌላ አንድ ነገር ካልጠየቀ፣ የሚጠይቅበት በር ላይ እሷ አትኖርም። እሷ ራሷ ቀድማ የምትናገር ልጅ አልነበረችም።

አንድ ምሽት እራት ላይ አቶ ሙዘይን ቁርጣቸውን ተናገሩ።

«በመለዋወጫ ሻጭ በር ላይ መኪና ሲፈላ፣ በሐኪም በር ላይ ሰው ሲወድቅ ማለት ነው። ከእንግዲህ አልታገሥም።»

«የአስቻለች በር እዚያው ጎናችን አይደል?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀዊሪያ ዳቦ እየቆረሱ። «አንድ ቀን እንኳ እዚያ ፈልታ አታውቅም።»

«እዚያ ገና አልጋለችማ።»

«አሃ» አሉ ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ ልጃቸውን ሳይሆን ዳቦውን እያዩ።

አቶ ሙዘይን መጋዘናቸው ውስጥ ከተጋጨ ፊያት የተፈታ፣ በባትሪ የሚሠራ የራዲያተር ማራገቢያ፣ ቬንትሌተር የሚሉት፣ ነበራቸው። ከዚህም ሌላ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ገዢ ያላገኘ አንድ ሣጥን ሙሉ ቴርሞስታት ነበራቸው። ቬንትሌተሩንና አንድ ቴርሞስታት ለሸፊ መኪና ሊሰጡ ወሰኑ። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋ ግቢ ገባች፤ የሠፈሩ መካኒክ ወልዱም ተጠራ።

ወልዱ ከመሣሪያው ይልቅ አፉ የሚፈጥን ሰው ነው። ቴርሞስታቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ጋሽ ሙዘይን፣ የእኔ እጅ ይሄን ዕቃ ማውጣት እንጂ ማስገባት አያውቅም።»

«ሣጥን ሙሉ የቀረብኝ ለዚህ ነዋ። እናንተ መካኒኮች እያወጣችሁ ስትጥሉት ማን ይግዛኝ?»

«ውሃውን ይዘጋዋል እኮ።»

«ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። ሥራው ይኸው ነው።»

«እንደ ቀበሌ ሱቅ ደስ ሲለው ብቻ ከከፈተሳ?» አለ ሸፊ ዝግ ብሎ።

አቶ ሙዘይን ዞር ብለው በሩን አዩ። በሩ ዝግ ነበር።

«ማለቴ… እንደ ማንኛውም ሱቅ» አለ ሸፊ።

ክርክሩ በእሳት እንዲፈረድ ተስማሙ። ወይዘሮ ጀዊሪያ እያጉረመረሙ አሮጌ ድስት ሰጡ፤ ውሃ ተጣደ፤ ቴርሞስታቱ በክር ታስሮ ገባበት። አራቱም እንደ አራስ ጠያቂ ድስቱን ከበው ጎንበስ አሉ። ውሃው ሊንተከተክ ሲል የቴርሞስታቱ የናስ ክዳን ቀስ ብላ ተከፈተች።

«ተከፈተ» አለ ወልዱ፣ እሱ እንደፈለሰፈው ሁሉ።

«ጨው ይጨመርበት?» አሉ ወይዘሮ ጀዊሪያ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ፤ ቴርሞስታቱ ሞተሩ ላይ ቦታውን ያዘ። ወልዱ በቺንጋ፣ በሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ የሚዞረውን የድሮ ማራገቢያ ፈታ፤ «ይሄ ሞተሩ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል፤ ዳገት ላይ ንፋስ በጣም ስትፈልግ እሱም ደክሞታል» አለ። በምትኩ አዲሱን ቬንትሌተር ከራዲያተሩ በስተጀርባ በአራት ብሎን አሰረ። ከራዲያተሩ ጎን ደግሞ ሙቀቱን እየለካ ቬንትሌተሩን የሚቀሰቅሰውን ቡልቦ ገጠመ። ሽቦዎቹን፣ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ጠምዝዞ በጥቁር የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ጠቀለላቸው። ቬንትሌተሩ ሲነሳ የጋዜጣ ቁራጭ ከራዲያተሩ ፊት አስጠጋ፤ ወረቀቱ ተስቦ ልጥፍ አለ።

«አያችሁ፣ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል» አለ ወልዱ ለጎረቤት ጭምር እንዲሰማ። «ቀይና ጥቁሩን ገልብጦ ያሰረ ጅል ግን ጉድ ይፈላበታል። ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ፣ እሱ ንፋሱን ወደ ፊት ይተፋል፤ ሁለቱ ንፋስ መሀል ላይ ተገናኝተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሞተሩ ድስት ሆነ ማለት ነው።»

ረሂማ ድስቱን እያጠበች ሰማች። ሸፊም ብሎን ይዞ ቆሞ ሰማ።

የቡልቦው ማጣበቂያ እስኪደርቅ መኪናዋ ግቢ ማደር ነበረባት። አቶ ሙዘይን የሸፊን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ነገ ከዊንጌት እኔ ራሴ እሳፈራለሁ። እንግዲህ ተገላገልክ፤ ከነገ ወዲያ እዚህ በር ላይ የምትቆምበት ምክንያት የለም።»

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» አለ ሸፊ። ድምፁ የሰጡትን ሳይሆን የቀሙትን ሰው ይመስል ነበር።

በማግስቱ አባቷ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ረሂማ ተነሳች። የቁስል ፕላስተርና ትንሽ መቀስ ይዛ ወጣች፤ ኮፈኑን ከፍታ በትንሽ እንጨት ደገፈችው። በሕይወቷ ያጠፋችው ትልቁ ጥፋት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ቀኑን አሳልፎ መመለስ ነበር። ናስትሮውን ቆርጣ ቀዩን ከጥቁር፣ ጥቁሩን ከቀይ አገናኘችና በነጭ ፕላስተር ጥሩ አድርጋ ጠቀለለችው። ሥራው ንጹሕ ነበር። ኮፈኑን ስትዘጋ ቧ አለ፤ የጎረቤት ዶሮም መለሰለት።

ሸፊ መጥቶ መኪናዋን ሲያስነሳ ረሂማ በሩን ያዘችለት። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እንግዲህ… ደህና ሁኚ» አለ። ከ«ውሃ አታጡም» ውጪ ቀድሞ የነገራት የመጀመሪያ ቃል ስንብት ሆነ። ረሂማ «አይዞህ፣ ትፈላለች» ልትለው ጥቂት ቀራት።

ረፋድ ላይ አባቷ በእግራቸው ወደ ዊንጌት ወረዱ። ረሂማ ትልቁን ጀግ ሞልታ በሩ ሥር አስቀመጠችና ጠበቀች። ወልዱም ምስጋናውን ለመቀበል ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል።

የመኪናዋ ድምፅ ከታች ተሰማ። ኩርባውን ዞረች። እንፋሎት የለም። የአስቻለችን በር አለፈች። እንፋሎት የለም። አቶ ሙዘይን ከፊት ወንበር እንደ ክብር እንግዳ ቀጥ ብለዋል። ሸፊ መሪውን ጨብጦ የሙቀት መለኪያውን፣ በሩን፣ ረሂማን፣ እንደገና መለኪያውን ያያል፤ ፊቱ ለቀብር የሚሄድ ሰው ፊት ነበር። ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ የአቶ ሙዘይን እጅ በመስኮት ወጥቶ ወደ ላይ አመለከተ።

«ንዳት፣ ንዳት፤ እስከ ቁስቋም።»

መኪናዋም አለፈች።

ረሂማ በሩ ላይ ቆማ የተማረችውን ሁሉ በልቧ ከለሰች። ሽቦ ተገልብጧል፤ ስለዚህ ቬንትሌተሩ ተገልብጧል፤ ስለዚህ መፍላት አለባት። ሕጉ አልተሳሳተም። መኪናዋ ግን ሕጉን አልሰማችም።

«ማን ጠምቶት ነው?» አሉ እናቷ ጀጉን አይተው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታክሲዋ ተሳፋሪዎቿን አራግፋ ተመለሰችና በሩ ፊት ቆመች። አቶ ሙዘይን ወርደው ወልዱን ጨበጡት። ወልዱ ሥራውን ደግሞ ሊያሳይ ኮፈኑን ከፈተ፤ ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

«ምነው?» አሉ አቶ ሙዘይን።

«እኔ በጥቁር ናስትሮ ነው ያሰርኩት። አሁን እዚህ ላይ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ነው የታሰረው።» ላስቲኩን ፈታ። «ከሥሩ ደግሞ የተቆረጠ የቁስል ፕላስተር አለ።» ሽቦዎቹን ተከተለ። «ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው፤ እኔ እንዳደረግሁት። ግን አንድ ሰው ገልብጦታል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሊገለብጥ ገብቶ አቃንቶታል።»

ሸፊ የጫማውን ጫፍ አየ። ከኪሱ የጥቁር ላስቲክ ቅዳጅ ብቅ ብሏል። ረሂማ ደግሞ ጀጉን ብድግ አድርጋ እሱኑ አየች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው ተያዩ። ረሂማ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ የሸፊም ጆሮ ቀልቷል።

«ፕላስተሩ የእኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ጀዊሪያ ረጋ ብለው። «ለተረከዜ የገዛሁት።»

ወልዱ አንዱን አየ፤ ሌላዋን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ከአፉ ፈጥኖ ናስትሮ ፍለጋ ሄደ።

ሸፊ የሚያደርገው ሲጠፋው እጁ የለመደውን አደረገ። ጀሪካኑን ከወንበር ሥር አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘና፣

«ውሃ አታጡም?» አለ።

አቶ ሙዘይን መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ።

«ሙሉ ነው። ከለብታ አላለፈም። ይቺ መኪና አልጠማትም።»

«እኔ ነኝ የጠማኝ ጋሼ።»

አቶ ሙዘይን ነጋዴ ናቸው፤ ዘግይተው የሚገባቸው ከንግድ ውጪ ያለው ብቻ ነው። ጀሪካኑን አዩ። የአስቻለችን በር አዩ። ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው «ስንት ጊዜ ልንገርህ» የሚል ፊት ይዘው ጠበቋቸው። በመጨረሻም ልጃቸውን አዩ። ረሂማ መሬት መሬቱን እያየች ነበር፤ ግን ጀጉን አላስቀመጠችም፤ ቤትም አልገባችም።

«ከመስከረም ጀምሮ?» አሉ አቶ ሙዘይን።

«ከመስከረም ጀምሮ» አለ ሸፊ።

«እንዲህ የጠማው ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ጀሪካን ይዞ አይመጣም።»

ረሂማ ቤት ገብታ ብርጭቆ አመጣችና ቀዳችለት። ሸፊ አንዱን ጨረሰ። ሁለተኛውን ስትቀዳለት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፕላስተሩን ስታየው አልገባህም?» አለችው።

«የወልዱ ሥራ መስሎኝ፣ ዊንጌት ላይ በችኮላ ቀለሙን ሳላይ ገለበጥኩት» አለ። «ናስትሮ አልቆበት።»

ሽማግሌዎቹ የመጡት በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሲሆን፣ ያመጣቻቸውም ያቺው ውይይት ነበረች። ሸፊ ሞተሩን አጥፍቶ ደጅ ቀረ። ረሂማ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ስታዳምጥ፣ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጉዳዩ ሊገቡ ሲሉ ከውጭ ቬንትሌተሩ ብቻውን ተነስቶ ጮኸ። ሽማግሌው ግማሽ ብድግ አሉ።

«መኪናዋን ሰው አስነሳት መሰለኝ።»

«ይቀመጡ» አሉ አቶ ሙዘይን ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «የእኔ ዕቃ ነው። ዳገት ስለወጣች እያበረዳት ነው። ይቀጥሉ፤ እያዳመጥን ነው።»