ዲፍራጉ እስኪያልቅ

የፎቶ ቤታችን ባለቤት፣ ጋሼ፣ አንድ ክፉ አመል አለባቸው። ኮምፒዩተሩ ዲፍራግ ሲያደርግ በሩን ከውጭ ቆልፈው ይሄዳሉ። አንዴ ደንበኛ ገመዱ ጠልፎት ሲወድቅ ማሽኑ ድርግም ብሎ የሙሽሮች ፎቶ ጠፍቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አያምኑም። ዛሬ እኔን ከነነፍሴ ውስጥ ትተው ቆለፉብኝ።

«የተበታተነውን ፋይል ለቃቅሞ አንድ ላይ እስኪያደርግ የላላውን ሶኬት በእግርሽ ደግፊው። ከወለቀ አለቀልን» ብለው ተመራቂዎች ሊያነሱ ሄዱ። ስልካቸውንም አጠፉ። እኔ ሞኟ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሃርድ ዲስኩ ግን አርጅቷል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የፐርሰንት ቁጥር አንድ ቦታ ተገትሮ ቀረ።

ታናሽ እህቴ ዛሬ ለሥራ ሩቅ አገር ትሄዳለች። ተኳርፈናል። «ሳትነግሪኝ እንዴት የሥራ ውል ትፈርሚያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት፤ እሷም «እናቴ አይደለሽም» አለችኝ። ስልኬን አታነሳም። መናኸሪያው ማዶ ስለሆነ ሮጥ ብዬ ልታረቃት ነበር ሐሳቤ። ይኸው እግሬ ደንዝዞ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ኧረ የምን ጣጣ ነው!

በሩ ተንኳኳ።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ።»

«መጣሽልኝ! ተቆልፎብኛል፤ ሶኬት ይዤ ነው፣ መነሳት አልችልም!»

«ሶኬት?» አለች። «ልታይኝ ካልፈለግሽ ምክንያት አትደርድሪ።»

«እናታችንን! እውነቴን ነው!»

«በይ ደህና ሁኚ።» የሻንጣዋ ጎማ መንኳኳት ጀመረ።

ስክሪኑን አየሁት። የስንት ሰው ሠርግ፣ የስንት ሰው ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። ገደል ይግባ! እግሬን አነሳሁ። ሶኬቱ ወለቀ፤ ስክሪኑ ጠፋ። እየተንፏቀቅኩ በሩ ጋ ደርሼ ጣቶቼን ከሥር አሾለክኩ።

«ተመለሺ! ሶኬቱን ተውኩት፣ በቃ ተውኩት!»

ጎማው ቆመ። ጉልበቷ መሬት ሲነካ ሰማሁ፤ ጣቶቿ ጣቶቼን ያዙ። በረዶ ሆነዋል።

«ጋሼ ይገድሉሻል እኮ» አለች እያለቀሰች።

«ይግደሉኝ። ስትደርሺ ደውዪልኝ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ንቅንቅ አላለችም።

«ያመልጥሻል» አልኳት።

«ካልለቀቅሽኝ አልሄድም፣ እቴቴ። የምሬን ነው።»

እንድትቀር የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። ከዚያ እኔው ለቀቅኳት።