ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ሃዊ የጨፌ ኦሮሚያ አባል ሆና ከተመረጠች ወዲህ እናቷ ሙሉብርሃን በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት «ክፉውን ያርቅልን» ትላለች እንጂ ደስ ብሏት አያውቅም። ምክንያት አላት። ባሏ መምህር ኪዳነወልድ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የልቡን ቢናገር፣ ወደማያውቀው ቆላ ተዛውሮ ታሞ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለዚህ ሃዊን ቃል አስገብታታለች። ሌሎች እጃቸውን ሲያወጡ ታወጣለች፣ ሲያጨበጭቡ ታጨበጭባለች፤ መናገር ግን የለም። በአባቷ አጥንት አስምላታለች።

ጉባኤው ሲቃረብ ሃዊ የመረጧትን ልታነጋግር ወደ ዓለም ጤና ከተማ ሄዳ እዚያው አደረች። ስልኳ ዝግ ነው። ሙሉብርሃን ዓይኗን ሳትከድን ነጋ። የአዳማ ባጃጆች ገና ሳይንጫጩ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

«ከዓለም ጤና ነው የመጣነው፣ አዴ ሙሉብርሃን» አሉ ታላቅየው፣ ኑሬ የሚባሉ የሽንኩርት ገበሬ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

ገቡ። አልተቀመጡም። «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።»

በማለዳ መጥቶ አልቀመጥም የሚል ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ መች አጣችው! ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቷ ዋፊቃ ሮጣ መጣችና ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ አብራ ታለቅስ ጀመር።

«ኧረ በአላህ! ማንም አልሞተም!» ይላሉ ኑሬ፤ ማን ሰምቷቸው።

በዚህ መሐል ሃዊ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። «እማዬ! ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ!»

ዋፊቃ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «እንግዲህ ለቅሶዬን መልሱልኝ!»

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው እኮ። አብረን ነው የመጣነው፤ ሽማግሌ ሲለምን እኔ አልገኝም ብዬ ዳቦ ልገዛ ወደኋላ ቀረሁ» አለች ሃዊ።

ሙሉብርሃን የልጇን ፊት ደባብሳ ስታበቃ ሦስቱ አሁንም ቆመው ነበር።

«ለትዳር አይደለም የመጣነው» አሉ ኑሬ። «የመስኖው ፓምፕ ከተበላሸ ወዲህ ሽንኩርታችን በማሳው እየደረቀ ነው። በጨፌው ተናገሪልን ብንላት፣ ‹ለእናቴ ምያለሁ› አለችን። አንደበቷን ልንለምንዎ ነው። እምቢ ካሉን እንደቆምን እንሄዳለን።»

ሃዊ መሬት መሬቱን ታያለች። መሐላውን አፍርሳ ብትናገር ማን ይከለክላት ነበር? ይህ የእናቷን ሆድ አባባው። ኪዳነወልድም ትዝ አላት። ያን ዕለት ሲነሣ አጠገቡ የቆመ ሰው አልነበረም።

«ነገ ክፉ ቢመጣባትስ?»

«ያኔም እዚሁ መጥተን እንቆማለን፣ አዴ።»

ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ግን «ተቀመጡ» አለች በመጨረሻ፤ «መሐላውን አንሥቼላታለሁ።»

በጉባኤው ዕለት ዋፊቃ ለሙሉብርሃን ቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ሳበችላት። ከአዳራሹ መሐል የሃዊ እጅ ወጣ። ዕድሉ ተሰጣት፤ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ሙሉብርሃን ብድግ አለች።

«ኧረ ተቀመጪ! እዚያ ሆና አታይሽ!»

«ትጨርስና እቀመጣለሁ» አለች ሙሉብርሃን።