ጉድጓድ ያልወረደ ማሊያ አይለብስም

የከተማችንን የዶሪ ኮቭን እግር ኳስ ክለብ ታሪክ ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩት ከዋንጫ ጀምረው ዋንጫ ላይ ያበቁታል። እኔ ማሊያ አጣቢያቸው ስለሆንኩ ከእድፉ እጀምራለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከወጣሁ ጀምሮ የቡድኑን ማሊያ የምዘፈዝፈው እኔ ነኝ። ውሃውን ስደፋው ከሳፋው ሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀራል። ጭቃ እንዳይመስላችሁ፤ የድንጋይ ዱቄት ነው። ሰዎቹ ቢታጠቡም ከገላቸው አይለቅም።

ዓሣው ከባሕራችን የጠፋ ጊዜ ነው አሉ፣ ኩባንያው መጥቶ ከከተማው ጀርባ ማዕድን መቆፈር የጀመረው። ወንዱ ሁሉ ጀልባውን ወደ ደረቅ ጎትቶ ጉድጓድ ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ያመጣው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የወንድሙን ልጅም አብሮ አመጣው። ልጁ ጥፍሩ የጸዳ፣ ኳስ ባየችው ቁጥር የምትሸሸው ዓይነት ነበር፤ ግን ኳሷ የአጎቱ ናትና ከሁሉም በፊት ይሰለፋል። ወንዶቹ አንድ ክረምት ቻሉት። በኋላ አያቴ ተነስቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓድ ያልወረደ አረንጓዴውን ማሊያ አይለብስም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ክለባችን ሌላ ሕግ የለውም።

ከዚያ ወዲያ ዋንጫው መጣ፤ የሬሳ ሳጥኑም አብሮ መጣ። ድንጋዩን የሚቦረቡሩት ያለ ውሃ፣ በደረቁ ነው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። እኛ ጋ በሽታውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ደረቱን ነው» ብቻ ነው የሚባለው። ተጫዋች ሲሞት ማሊያው አይቀበርም፣ ለተተኪው ይሰጣል። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ፣ እስካለፈው መኸር ድረስ ሰባት ቁጥርን ለሦስት ሰው አጥቤያለሁ።

አባቴ ሲረል የክለቡ አምበል ነው። ሜዳ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን እኛ ጋ አምበልነት የሚያበቃው በቀብር ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ፣ ከወደብ ሲመለስ የወይዘሮ ኔሊ አጥር ጋ ቆሞ እንጨቱን ይዞ ይተነፍስ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ዳገት የእረፍት ሰዓት አለው እንዴ?» እለው ነበር።

«ዳኛው... ደግ ሰው ነው» ይለኝ ነበር፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

ለእናቴ አንድ ነገር ምሎላት ነበር፤ ወንድሜ አምብሮዝ ጉድጓድ አይገባም። አምብሮዝ በአጎታችን ጀልባ ላይ ያችኑ የቀረችውን ዓሣ ያጠምድ ነበር። ሲሮጥ ግን ብታዩት! እሁድ እሁድ ከሜዳው ውጭ ብቻውን ኳስ ሲገፋ፣ ሰው ጨዋታውን ትቶ እሱን ያይ ነበር።

ባለፈው መኸር፣ ከሮኪ ኔክ ቡድን ጋር ለዋንጫ ልንጋጠም ስንል ሰባት ቁጥራችን ሞተ። ደረቱን ነው። ተተኪ የለም፤ ጉድጓድ ከሚወርዱት ውስጥ መሮጥ የሚችል ጠፋ። አምብሮዝ ማታ እራት ላይ የጨው ዓሣውን በሹካ እየወጋ፣ «እኔ እጫወታለሁ» አለ። እናቴ ሳህኑን አነሳችበት። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ሕጉ ቢሻር እኮ ከጀልባው ሳይወርድ ይጫወታል! ካልተሻረ ግን ያን ማሊያ የሚያገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ወደ ታች የሚወስደው።

የክለቡ ስብሰባ ላይ ሴት የምትገባው ሻይ ልትቀዳ ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ገባሁና ለማንም ሳልቀዳ መሐል ላይ ቆምኩ።

«ሕጉን ሻሩት» አልኩ።

ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ብቻውን በሕይወት የቀረው፣ ሰው ሁሉ አጎት የሚለው ጋስ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። «አንቺ ልጅ፣ ሻይሽን ቅጂ!»

«የሥራ አስኪያጁ የወንድም ልጅ ከሄደ ስንት ዘመኑ ነው፣ አጎት ጋስ? አሁን ሕጉ የሚያባርረው ማንን ነው? እኛኑ!»

«ምላሷ እግር ቢሆን ሰባት ቁጥር እሷ ነበረች» አለ አንዱ። ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ ግማሹ ሳል ያዘው፤ ሳቁ በሳል ተጨረሰ።

ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ወጣ። እንዲህ ሲሆን የሚወስነው አምበሉ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያመጣትን ያችን የድሮ ኳስ እግሩ ሥር ያስቀምጧታል፤ ከረገጣት ሕጉ ይጸናል፣ ከገፋት ይሻራል። አባዬ ኳሷን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ገባው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

ረገጣት።

ስንመለስ አጥሩ ጋ ቆምን። «ሜና» አለ፣ «ሕጉ ከቆመ... አይጫወትም። ካልተጫወተ... ጀልባው ላይ ይቀራል። ላተርፈው... ብዬ ነው።»

«አባዬ፣ አምብሮዝን ሌላ ሰው ነው እንዴ የወለደው? አንተ በሱ ቦታ ብትሆን ትቀር ነበር?»

እንጨቱን ለቀቀና ዳገቱን ተያያዘው።

በማግስቱ አምብሮዝ ግንባሩ ላይ መብራት ያለው ቆብ ይዞ ቤት ገባ። ኩባንያው ቀጥሮታል፤ ለደንቡም አንድ ፈረቃ ወርዶ ወጥቷል። ጆሮው ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። አባዬ ቆቡን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ የላላውን ማሰሪያ አጥብቆለት መለሰለት። ሌላ ምን ያድርግ?

እሁድ አምብሮዝ ሁለት ጎል አገባ። ሮኪ ኔኮች ተሸንፈው ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። ሕዝቡ ወንድሜን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ወደቡ ወሰደው፤ አጎት ጋስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አያትሽ ይህን ቢያይ!» አለኝ። አያቴም እኮ ደረቱን ነው የሞተው፤ ግን በዚያ ቀን ማን ይነግረዋል። ሰኞ የፈረቃው ፉጨት ሲጮህ አምብሮዝ ምሳውን ይዞ ወረደ።

ክረምቱ አልፏል። ሰባት ቁጥርን ለአራተኛው ሰው አጥባለሁ፤ ማሊያው አሁን የአምብሮዝ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማሸው። አባዬ አሁን ከወንበሩ አይነሳም። ፈረቃው ሲያበቃ መስኮቱን ክፈቺ ይለኝና የአምብሮዝን ኮቴ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ያዳምጣል። ኮቴው የወይዘሮ ኔሊ አጥር ጋ ሲደርስ ወንበሩን ጨብጦ ይጠብቃል። ሳይቆም ሲያልፍ እጁን ይለቃል።

ትናንት ቆመ።

«ጫማውን እያሰረ ይሆናል» አልኩት።

አባዬ እጁን አልለቀቀም።